ሒሳብ ያዥና ወዳጁ

ልጆች ሆይ፤ ልጅ ሁሉ ሳድግ ምን ሥራ እሠራለሁ ብሎ ያስባል። አንዱ ሐኪም ልሁን ይላል። አንዱ መምህር፥ አንዱ ነጋዴ፥ አንዱም ገበሬ ልሁን ይላል። ነገር ግን ከምታስተምሩኝና ከማስተምራችሁ ልጆች መካከል፦ እኔ ሒሳብ ያዥ እሆናለሁ የሚል እምብዛም አልሰማሁም። ሒሳብ ያዥ ማለት ቀኑን ሙሉ ከወረቀት ጋር የሚውል፥ ከሰው ጋር የማይጫወት፥ ፊቱም የማይፈታ ሰው ይመስላችኋልና።

ይህ አሳብ ግን ስሕተት ነው። እኔ እንደማምነው፥ የሒሳብ ያዥ ሥራ ከቍጥር ጋር ከሚሆን ይልቅ ከሰው ጋር የሚሆን ሥራ ነው። ሒሳብ ያዥነትን ተምሮ ኋላ የራሱን የሒሳብ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ልጅ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ሰውን ማወቅና ለሰው መታመን ያስፈልገዋል። እንዲህ ያልሁበትን ምክንያት ዛሬ እነግራችኋለሁ።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። በግዕዝ ሐሰበ ማለት ቈጠረ ማለት ነው፤ ዳግመኛም አሰበ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን የሚያወጡበትን ትምህርት ባሕረ ሐሳብ ይሉታል። በዐረብኛም ሒሳብ ማለት ቍጥር ነው። ስለዚህ በአሶሳ ገበያ አማርኛ የሚናገረውም ዐረብኛ የሚናገረውም፥ ሒሳብ ሲባል ሁለቱም ነገሩን ያውቁታል። መቍጠርና ማሰብ በአንድ ቃል መጠራታቸው መልካም ትምህርት ነው። የሚቈጥር ሰው ማሰብም ይገባዋልና። ምን ያስባል ብትሉ፥ ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ፥ ከምን ድካም እንደ መጣ፥ ለማንም እንደሚደርስ ያስባል።

አሁን በራሴ የደረሰውን ነገር ልንገራችሁ። እያፈርሁ የምነግራችሁ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከእኔ ስሕተት እናንተ ብትጠቀሙ ይሻላል።

በወጣትነቴ ለማስተማር ወደ አሶሳ በመጣሁ ጊዜ፥ የሰፈሩ ሰዎች የዕድራቸው ገንዘብ ያዥ አድርገው መረጡኝ። መምህር ነው፥ ቍጥር ያውቃል ብለው ነው። ከዕድርተኞቹ አንዱ የልብ ወዳጄ ነበረ። እሑድ እሑድ በቤቱ ቡና እንጠጣ ነበር፤ ስታመምም የሚያስታምመኝ እርሱ ነበረ። በክረምት አንድ ቀን በመንገድ ላይ ተገናኘንና የወሩን መዋጮ 20 ብር ሰጠኝ። ዝናብ ይዘንብ ነበረና ደብተሬን አላወጣሁም። ወዳጄ ነው፥ ኋላ እጽፈዋለሁ ብዬ ሄድሁ። ኋላም ረሳሁት።

በዓመቱ መጨረሻ ዕድርተኞች ተሰበሰቡና ሒሳብ ተመረመረ። 20 ብር ጐደለ። ከወዳጄ ስም አጠገብ ያለው ስፍራ ባዶ ነበረ። እርሱ፦ በእጅህ ሰጥቼሃለሁ፥ አለ። እኔም፦ አላስታውስም፥ አልሁ። በሰው ሁሉ ፊት ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ገንዘቡን ከደመወዜ ተካሁ፤ ነገር ግን የተካሁት ብሩን ብቻ ነው። ወዳጄ፦ በጉባኤ መካከል ሐሰተኛ አደረግኸኝ ብሎ ከዚያ ቀን ዠምሮ ቤቴን አልረገጠም። ከብዙ ወራት በኋላ ክረምት ተመለሰ። የዝናብ ልብሴን ባወጣ፥ በውስጥ ኪሱ 20 ብር ታጥፎ አገኘሁ። እየሮጥሁ ወደ ቤቱ ሄድሁ። እርሱ ግን ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። እኔ ሌባ አልነበርሁም፤ ወዳጄም ሐሰተኛ አልነበረም። ሁለታችንም እውነተኞች ሳለን ተለያየን። የለየንም አንድ መስመር ጽሑፍ መቅረቱ ነው።

ነገሬን የሰማ አንድ ሽማግሌ የበርታ ነጋዴ ወደ ሱቁ ጠራኝ። ከሣጥኑ አሮጌ ደብተር አወጣ፤ በዐረብ ፊደል የተጻፈ ነበር። በየገጹ የአንድ ሰው ስም አለ፤ ከስሙም በታች የወሰደውና የመለሰው ተጽፏል። ያን ጊዜ አንድ ገበሬ ጨው ሊወስድ ገባ። ሽማግሌው ጻፈና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበለት፤ ከዚያም፦ ልክ ነው ወይ? ብሎ ጠየቀው። ገበሬውም፦ ልክ ነው፥ ብሎ ሄደ። እኔም፦ አባቴ፥ ይህን ሰው አያምኑትምን? አልሁት። ሽማግሌው ሳቀና፦ መምህር፥ አንተ ወዳጅህን ስላመንኸው አልጻፍህም፤ እኔ ግን ወዳጄ ከእኔ እንዳይለየኝ እጽፋለሁ፥ አለኝ። ይህን ነገር በትምህርት ቤት ማንም አላስተማረኝም ነበር።

ሽማግሌው ያደረገውን ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛው ጻፈ። ሁለተኛው የጻፈውን ለባለቤቱ አነበበለት። የሒሳብ ያዥ ሥራ ሁሉ በነዚህ በሁለቱ ውስጥ አለ። ጽፎ የሚደብቅ ሰው ሒሳብ ያዥ አይባልም፤ ሳይጽፍ የሚናገርም ሒሳብ ያዥ አይባልም።

የአሶሳ አገር ሒሳብን ዛሬ የዠመረ አይደለም። ይህ አገር ከጥንት የወርቅ አገር ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአሶሳ ገዢ የነበሩት ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ግብራቸውን በወርቅ ይሰጡ ነበር። በአዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ስም ነው። ወርቁም በወቄት ይመዘን ነበር። ወርቅ በሚመዘንበት ጊዜ ሰጪውም ተቀባዩም ሚዛኑን ያያሉ፤ አንዱ ብቻ ያየው ሚዛን ጠብን ያመጣል። ዛሬም ሴቶችና ወንዶች በወንዝ ዳር አሸዋ እያጠቡ ወርቅ ያወጣሉ። ወርቁ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፥ ማን ስንት ግራም እንዳመጣና ስንት እንደሚደርሰው ካልተጻፈ፥ አብረው የደከሙ ሰዎች ሲካፈሉ ይጣላሉ።

በሌላው ዓለም የሒሳብን አጻጻፍ ያስተማረውን ሰው ደግሞ እወቁ። ሉካ ፓቾሊ ይባላል። በኢጣልያ አገር የነበረ መነኵሴና የቍጥር መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ከተማ ትልቅ የቍጥር መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም መጽሐፍ የቬኒስ ነጋዴዎች ሒሳባቸውን በሁለት ወገን የሚጽፉበትን ሥርዓት ገለጠ። ሥርዓቱን የፈጠረው እርሱ አይደለም፤ ነጋዴዎቹ አስቀድመው ይሠሩበት ነበር። እርሱ ግን ሰው ሁሉ እንዲማረው አድርጎ ጻፈው። እኛም በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንል የለምን?

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ 500 ብር አውጥቶ ማንጎ ቢገዛ፥ በአንዱ ወገን 500 ብር ከሣጥን ወጣ ብሎ ይጽፋል። በሌላው ወገን ደግሞ የ500 ብር ማንጎ ገባ ብሎ ይጽፋል። እንዲህ እያደረገ ነገሩን ሁሉ ሁለት ጊዜ ይጽፋል። በመጨረሻ ሁለቱን ወገን ሲደምር ድምራቸው መተካከል አለበት። ካልተካከለ በአንድ ስፍራ ስሕተት እንዳለ ይታወቃል። ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። እኔ ግን ስለ ሌላ ነገር ደግሞ እወደዋለሁ። ገንዘብ ሲወጣ የሚቀበለው አለ፤ ሲገባም የሚሰጠው አለ። እንግዲህ በደብተር ላይ ካለው ቍጥር ጀርባ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቆሟል።

ከአገራችን ሰዎችም ይህን ነገር አጥብቀው ያሰቡ ነበሩ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1886 ተወለዱ። በልጅነታቸው በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ባለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ኋላም ወደ አውሮፓ ተሻግረው ትምህርታቸውን አሰፉ። በመጨረሻም በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ጽሑፍ ለመንግሥት የሚያስፈልገውን ማሻሻያ ሲዘረዝሩ፥ የንጉሡ የግል ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1919 ገና በ33 ዓመታቸው ገደማ ሞቱ፤ ምክራቸው ግን አልሞተም።

ይህ ምክር ለንጉሥ ብቻ ይመስላችኋልን? አይደለም። በአሶሳ ገበያ ለምትነግድ እናትም ይሆናል። እንዴት እንደ ሆነ በምሳሌ ላስረዳችሁ።

አንዲት ነጋዴ 3,600 ብር አላት እንበል። በ3,000 ብር ማንጎ ገዛች፤ ለመኪና 600 ብር ከፈለች። ማንጎውን ሸጠች፤ 4,000 ብር አገኘች። ከዚያው ሣጥን ለልጆቿ ደብተርና ለቤት ዘይት 700 ብር አወጣች፤ ነገር ግን አልጻፈችውም። በሳምንቱ መጨረሻ ብትቈጥር 3,300 ብር ብቻ አገኘች። ከፊተኛው 300 ብር ጐደለ። እርስዋም፦ ማንጎ ኪሳራ ነው፥ ንግዱን እተዋለሁ፥ ብላ አዘነች።

አሁን አንድ ብልኅ ሒሳብ ያዥ ቢያገኛት ምን ያደርጋል? በሰው ፊት አያሳፍራትም። ለብቻዋ አስቀምጦ፦ እትዬ፥ ንግድዎ አልከሰረም፤ 400 ብር አትርፏል፤ 700 ብር ያወጣው ቤትዎ ነው፤ እንግዲህ የቤቱን ኮሮጆና የንግዱን ኮሮጆ ይለዩ፥ ይላታል። ይህን ሲነግራት ንግድዋን አተረፈላት። ነገር ግን ይህን ለመንገር ቍጥር ማወቅ ብቻ አይበቃም። ልጆች እንዳሏት፥ ከሣጥንዋም ለቤት እንደምታወጣ ማወቅ ያስፈልጋል። እርስዋም የቤትዋን ነገር የምትገልጥለት ካመነችው ብቻ ነው። ሰውን የማያውቅ ሒሳብ ያዥ 300 ብር ጐደለ ብሎ ይጽፍና ይሄዳል። ቍጥሩ እውነት ነው፤ ምክሩ ግን የለም።

ስለዚህ ከእናንተ አንዱ ይህን ሥራ ቢመኝ መንገዱ እነሆ። ትምህርቱ ዛሬ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ሲከፈት፥ ከአሶሳ ተነሥቶ ወደዚያ ለሚሄድ ልጅ መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ በደጃችን ነው፤ የሒሳብ አያያዝም በዚያ ይሰጣል። የአገሪቱም ሕግ ለሥራው ክብር ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1944 የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምር ኮሚሲዮን በአዋጅ ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የዋናው ኦዲተር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በ2006 ዓመተ ምሕረት ደግሞ በአዋጅ ቍጥር 847 የሒሳብ አያያዝና የኦዲት ቦርድ እንዲቋቋም ታዘዘ። ቦርዱ ሒሳብ አዋቂዎችን ይመዘግባል፥ ይቈጣጠራልም። እንግዲህ ማንም ተነሥቶ ኦዲተር ነኝ ሊል አይችልም፤ ተምሮና ተፈትኖ ፈቃድ ማግኘት አለበት።

ነገር ግን ፈቃድ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ ደንበኛን አያመጣም። የሒሳብ ቤቱን የሚያቆመው ሌላ ነገር ነው። እኔ ምክሬን በአራት እከፍለዋለሁ።

አንደኛው፥ ሒሳብ ያዥ ወደ ሰው ይሂድ። በቢሮው ተቀምጦ ወረቀት እስኪመጣለት አይጠብቅ። ማንጎው የሚጫንበትን፥ ወርቁ የሚታጠብበትን፥ ቀርከሃው የሚቈረጥበትን ስፍራ በእግሩ ሄዶ ይይ። ማንጎ በስንት ቀን እንደሚበሰብስ የማያውቅ፥ የማንጎ ነጋዴን ሒሳብ መመርመር አይችልም።

ሁለተኛው፥ በሰውየው ቋንቋ ይናገር። በአሶሳ ገበያ አማርኛ ይሰማል፤ የበርታ ቋንቋ፥ ዐረብኛና ኦሮምኛም ይሰማሉ። ሰው ሌላውን ነገር በተማረው ቋንቋ ይናገራል፤ ዕዳውንና ጭንቀቱን ግን በእናቱ ቋንቋ ይናገራል። ስለዚህ ይህን አገር የሚያገለግል ሒሳብ ያዥ ከአንድ የሚበልጥ ቋንቋ ይወቅ። ከባድ የሆነውንም ቃል ትቶ፥ ገባ፥ ወጣ፥ ቀረ እያለ ያስረዳ።

ሦስተኛው፥ የሰማውን ይሰውር። የሰው ሒሳብ እንደ ሰው ገመና ነው። ማን ዕዳ እንዳለበት፥ ማን እንደ ከሰረ፥ ማን ስንት እንዳተረፈ ለቡና ጨዋታ የሚያወጣ ሰው ለዚህ ሥራ አይገባም። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ጧት የወጣ ወሬ ማታ በሰው ሁሉ ቤት ያድራል።

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ወዳጅህ ሐሰት እንድትጽፍለት ሲለምንህ እንቢ በል። ስለዚህ ነገር በአሜሪካ አገር የሆነውን ታሪክ እነግራችኋለሁ።

አርተር አንደርሰን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1885 ከኖርዌይ ከተሰደዱ ወላጆች ተወለደ። በልጅነቱ ወላጆቹ ሞቱበትና ቀን በፋብሪካ ደብዳቤ እያመላለሰ ማታ ማታ ተማረ። ሒሳብ አዋቂ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1913 በቺካጎ ከተማ ከአንድ ጓደኛው ጋር የሒሳብ ቤት ከፈተ። ቤቱ ገና አዲስና ድኻ ሳለ፥ የአንድ ባቡር ኩባንያ አለቃ መጣና የሒሳቡን ጉድለት ሸፍኖ እንዲፈርምለት አስጨነቀው። አንደርሰንም፥ በዚህች ከተማ ያለው ገንዘብ ሁሉ ቢሰጠኝ አልፈርምም በሚል መንፈስ መለሰለት። ደንበኛውን አጣ። ነገር ግን ያ ኩባንያ ከጥቂት ወራት በኋላ ከሰረ፤ ሰዎችም አንደርሰን እውነተኛ እንደ ሆነ አወቁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና። ከዚያ በኋላ ቤቱ እያደገ ሄደ። መሥራቹ እ.ኤ.አ. በ1947 ሞተ፤ ቤቱ ግን በብዙ አገሮች ተተከለ። በመጨረሻም 85,000 የሚያህሉ ሠራተኞች ነበሩት።

ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ልጆቹ የአባቱን መንገድ ሳቱ። ልጆቹ ማለቴ ቤቱን የወረሱትን ሰዎች ነው። ኤንሮን የሚባል ትልቅ ኩባንያ ደንበኛቸው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከዚህ ከአንዱ ደንበኛ 52 ሚሊዮን ዶላር ተቀበሉ፤ ከዚህም 25 ሚሊዮኑ ለሒሳብ ምርመራ፥ 27 ሚሊዮኑ ለምክርና ለሌላ ሥራ ነበር። ምርመራውንም ምክሩንም ከአንድ እጅ መቀበል ዐይንን ያሳውራል። ኤንሮን ዕዳውን ደብቆ ትርፉን አብዝቶ ሲያሳይ አላስቆሙትም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ኤንሮን ወደቀ። የአንደርሰን ቤት ሰዎችም ስለዚህ ነገር የነበሩትን ብዙ ወረቀቶች አጠፉ። በ2002 ቤቱ ተፈረደበት፤ የምርመራ ፈቃዱንም መለሰ። በ2005 ጠቅላዩ ፍርድ ቤት ያን ፍርድ ሻረው፤ ነገር ግን ደንበኞቹም ሠራተኞቹም ቀድሞ ተበትነው ነበር። ለ89 ዓመት የተሠራ ቤት በጥቂት ወራት ፈረሰ።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው፦ እንግዲህ ሒሳብ ያዥ ከደንበኛው ጋር መወዳጀት የለበትም፤ ወዳጅነት ነው ያጠፋቸው፥ ሊለኝ ይችላል። እኔ ግን እንዲህ አላምንም። ያጠፋቸው ወዳጅነት አይደለም። ወዳጅ ቢሆኑማ ኖሮ፦ ይህ መንገድ ገደል ነው፥ ተመለሱ፥ ይሏቸው ነበር። እነርሱ ግን የገንዘቡ ወዳጆች እንጂ የሰዎቹ ወዳጆች አልነበሩም። የፊተኛው አንደርሰን የባቡሩን አለቃ እንቢ ሲለው እውነተኛ ወዳጅ ሆኖት ነበር፤ አለቃው ግን ይህን አላወቀም።

ሌላም ሰው፦ ሁሉን በእውነት ብትጽፍ ደንበኛ አታገኝም፤ ሰው ሁሉ ግብሩ እንዲያንስለት ይሻል፥ ይለኛል። ለዚህም መልስ አለኝ። ሐሰት የሚጽፍልህን ሒሳብ ያዥ ነጋዴው ራሱ አያምነውም። ለእኔ ብሎ መንግሥትን የሚያታልል፥ ነገ ለሌላ ብሎ እኔን ያታልላል ብሎ ያስባልና። በሐሰት የመጣ ደንበኛ የተሻለ ሐሰተኛ ሲያገኝ ይሄዳል፤ በእውነት የመጣ ግን ልጁን ይዞ ይመጣል፤ ልጁም ልጁን ያመጣል። በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኘው የፊተኛው ይሆናል። ዘመን የሚሻገረው ግን የኋለኛው ነው።

ይህ ነገር ለአገርም ይሆናል። በክልላችን በመተከል ዞን በጉባ የተሠራው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ መሠረቱ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓመተ ምሕረት ነው፤ የተመረቀውም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት ነው። ለዚህ ሥራ መንግሥት ብቻ አላወጣም፤ ሠራተኛው ከደመወዙ፥ ነጋዴው ከትርፉ ቦንድ ገዝቷል፥ ስጦታም ሰጥቷል። ጥቂት ብር የሰጠ ሰው፥ ብሬ ተጽፋለች ብሎ ካላመነ ለሁለተኛ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ድንጋይና ብረት ከሚሸከሙት እጆች ጋር፥ ደብተር የሚጽፉት እጆችም ግድብ ይሠራሉ። ሰው ግን የእነርሱን ድካም አያየውም፤ መልካም ሒሳብ የሚታወቀው ጠብ ባለመኖሩ ነውና።

እንግዲህ ልጆቼ ሆይ፤ ሒሳብ ያዥ ለመሆን እስክታድጉ አትጠብቁ። ዛሬ በትንሹ ዠምሩ። እርሳስ ከጓደኛችሁ ብትዋሱ ጻፉት። እናታችሁ ወደ ገበያ ስትልካችሁ የሰጠችውን፥ ያወጣችሁትንና የተረፈውን ጻፉና አንብቡላት። የክፍላችሁን መዋጮ የምትሰበስቡ ብትሆኑ፥ ከተቀበላችሁ በኋላ ወዲያው በሰጪው ፊት ጻፉ፤ ልክ ነው ወይ? ብላችሁም ጠይቁ። ዝናብ ቢዘንብም ከዛፍ ሥር ወይም ከበረንዳ ቁሙና ጻፉ። ጓደኛችሁ፦ እኔን አታምነኝምን? ቢላችሁ፦ አምንሃለሁ፤ የምጽፈው እንዳንጣላ ነው፥ በሉት።

እኔ አሁንም ደብተር አለኝ። አሮጌው ሲያልቅ አዲስ እገዛለሁ። በአዲሱ ደብተር በመዠመሪያው ገጽ ሁልጊዜ አንድ ነገር ከአሮጌው አሻግሬ እጽፋለሁ፤ ለወዳጄ የምመልሰው 20 ብር፥ ይላል። ብሩም ከገጹ ጋር ታጥፎ ተቀምጧል። ብር በዋጋ ቀንሷል፤ ዕዳው ግን አልቀነሰም። ወዳጄን ባገኘሁት ቀን በፊቱ አነብለታለሁ፤ ልክ ነው ወይ? ብዬም እጠይቀዋለሁ።